ቤታችሁን ልትሸጡ ነው? ማስታወቂያውን እንዲህ ጻፉት

ቴሌግራም ላይ ካሉት የቤት ሽያጭ ቻናሎች አንዱን ከፍታችሁ ትንሽ ወረድ በሉ። ሁሉም ቤት «ውብ» ነው፣ ሁሉም «ዘመናዊ»፣ ሁሉም «ምቹ ሰፈር» ላይ ነው ያለው። ዋጋው ደግሞ «በውስጥ መስመር»። ገዢ እንዲህ ያለውን ወይ አልፎት ይሄዳል፣ ወይ ይደውልና ማስታወቂያው ላይ መኖር የነበረበትን ሁሉ አንድ በአንድ ይጠይቃል። ካሬው ስንት ነው? ካርታ (የይዞታ ማረጋገጫ) አለው? መሬቱ ሊዝ ነው (ከመንግሥት በክፍያ ለተወሰነ ዓመት የተያዘ) ወይስ ነባር ይዞታ (ያለ ሊዝ ከቀድሞ ጀምሮ የተያዘ)? ስንት ነው የምትሉት? ይሄን በቀን ለአሥር ሰው መመለስ ያሰለቻል፣ ከአሥሩ ደግሞ አብዛኛው አቅሙም ፍላጎቱም ከናንተ ቤት ጋር የማይገናኝ ነው።

ስለዚህ ከመጻፋችሁ በፊት እናንተ ገዢ ብትሆኑ ደውላችሁ ምን እንደምትጠይቁ አስቡና በወረቀት ላይ አስፍሩት። ማስታወቂያችሁ ለነዚያ ጥያቄዎች መልስ ይስጥ።

ገዢው ስልኩ ላይ መጀመሪያ የሚያየው አንድ ፎቶና ሁለት መስመር ጽሑፍ ነው። እዚያ ላይ የቤቱን ዓይነት፣ ካሬውን፣ ሰፈሩንና ዋጋውን ጨርሱ። «የሚሸጥ ቤት» ብሎ መጀመር ቦታ መፍጀት ነው፣ ቻናሉ የቤት መሸጫ መሆኑን ሰው ያውቀዋል። «በአስቸኳይ» የሚለውንም ተዉት። ገዢው «ተቸግረዋል፣ ዋጋ ይወርዳል» ብሎ ነው የሚረዳው፣ ድርድሩንም ከዚያ ይጀምራል።

ሰፈሩን በትክክል ጻፉ። ለዋጋ ብላችሁ ሲኤምሲ ያልሆነውን ሲኤምሲ ብትሉት ሰውዬው መጥቶ ሲያይ ገና በሩን ሳትከፍቱለት ይበርድበታል፣ «ሌላስ ምን ዋሽተውኛል?» ማለቱም አይቀርም። ሰው የሚያውቀውን ምልክት ስጡ፣ ከአስፋልት በስንት ሜትር እንደሚገባ ንገሩ። የቤት ቁጥራችሁን ግን አደባባይ ላይ አታውጡት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር፣ ወደ ወረቀቱ። የአዲስ አበባ ገዢ ከሳሎኑ ስፋት በፊት የሚያስጨንቀው ካርታው ነው፣ በሐሰተኛ ካርታ ስንት ሰው ገንዘቡን እንደተበላ ሰምቷልና። ካርታው በሻጩ ስም ነው? ነባር ነው ወይስ ሊዝ? ሊዝ ከሆነ ያልተከፈለ ቀሪ አለው? የባንክ ዕዳ ወይም እገዳ አለበት? የተጋቢዎች የጋራ ንብረት ከሆነ ሁለቱም ካልተስማሙ መሸጥ ስለማይቻል «ባለቤቶቹ ሁለቱም ውል ለመፈረም ዝግጁ ናቸው» የሚል አንድ አረፍተ ነገር ብዙ ጥርጣሬ ያስወግዳል። በ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ልማት ከተጀመረ ወዲህ ደግሞ «ልማት ይነካዋል?» የማይል ገዢ የለም። ቀድማችሁ ወረዳ ጠይቁ፣ የተነገራችሁንም ጻፉ። የካርታውን ፎቶ ግን በፍጹም አትለጥፉ። ለምን ለአጭበርባሪ መሥሪያ ትሰጣላችሁ? ከልቡ የመጣ ገዢ በአካል ያየዋል፣ ወስዶም ያጣራል።

ኮንዶሚኒየም ከሆነ ፎቁ ስንተኛ እንደሆነ መደበቅ ዋጋ የለውም። አብዛኛው የ20/80 ብሎክ ሊፍት የለውም፣ እናቱን ይዞ የሚገባ ሰው አራተኛ ፎቅ ላይ ደርሶ ነው የሚመለሰው። የባንክ ዕዳው ማለቁን፣ መሸጥ የማይፈቀድበት የ5 ዓመት ገደብም ማለፉን ጻፉ። መጀመሪያ የሚጠየቀው እሱ ነው።

ጉድለት ካለ አንዱን ራሳችሁ ተናገሩ። ውሃ በፈረቃ ከሆነ በሳምንት ስንት ቀን እንደሚመጣ ጻፉና ሮቶው ስንት ሊትር እንደሚይዝ ጨምሩበት። የደበቃችሁትን ገዢው ራሱ ካገኘው ዋጋ መቁረጫ ያደርገዋል። እናንተ ከነገራችሁት ግን አውቆት ነው የሚመጣው።

እስቲ ይሄንን እዩት፦ «በአስቸኳይ የሚሸጥ ዘመናዊ ጂ+1፣ ለኑሮ ተስማሚ ሰፈር፣ ዋጋ በስምምነት።» ያንኑ ቤት እንዲህ ብንጽፈውስ?

«ጂ+1፣ 150 ካሬ፣ ሰሚት ፍየል ቤት፣ 28 ሚሊዮን ብር። ከአስፋልት 80 ሜትር ገባ ብሎ፣ የመጨረሻው 30 ሜትር ኮብልስቶን ያልተነጠፈ። 4 መኝታ፣ 3 መታጠቢያ፣ 2 ክፍል ሰርቪስ፣ ግቢው አንድ መኪና ያስገባል። የራሱ መብራትና ውሃ ቆጣሪ፣ ውሃ በሳምንት 2 ቀን፣ ባለ 2000 ሊትር ሮቶ። ነባር ይዞታ፣ ካርታው በሻጭ ስም፣ ዕዳና እገዳ የለበትም። የስም ማዛወሪያ በገዢ። ቤቱን አይቶ ለሚነጋገር መጠነኛ ድርድር አለው። ከ11 ሰዓት በኋላ ይደውሉ።»

ዋጋው ለምሳሌ ያህል ነው። የራሳችሁን ስታወጡ ሰፈራችሁ ውስጥ የሚጠራውን ሳይሆን በቅርቡ የተሸጠበትን አጣሩ፣ በሁለቱ መሃል ሰፊ ልዩነት አለ። ለድርድር ትንሽ ጨምሩ፣ ግን ሰው እንዳይደውል እስኪያደርግ አይሁን።

ፎቶ ጠዋት ወይም ከሰዓት በኋላ መጋረጃ ገልጣችሁ፣ ስልኩን አግድም ይዛችሁ አንሱ። አልጋ አንጥፉ፣ የተሰጣ ልብስ አንሱ። መጀመሪያ የፊት ለፊቱን፣ ከዚያ ሳሎን፣ ኩሽና፣ መታጠቢያ። የመታጠቢያው ፎቶ ከሌለ ሰው ክፉ ነገር ይጠረጥራል።

«ደላላ አይደውል» ብትሉም ይደውላል፣ ገዢ መስሎም ይመጣል። እኔ ብሆን «ገዢ ላመጣ ደላላ ይሄን ያህል እከፍላለሁ» ብዬ ቁርጡን እጽፋለሁ፣ ከዚያ በላይ የሚጠይቀኝ አይኖርም። ፎቶዎቻችሁን ወስደው ዋጋ ጨምረው ሌላ ቻናል ላይ የሚለጥፉም አሉ፣ ስለዚህ አልፎ አልፎ ሰፈራችሁን ፈልጉና ተመልከቱ።

ሁለት ሳምንት ለጥፋችሁ ስልክ ካልጮኸ ችግሩ ብዙ ጊዜ ዋጋው ወይም የመጀመሪያው ፎቶ ነው፣ አንዱን ቀይሩና እንደገና አውጡት። ቀብድ የተቀበላችሁ ቀን ደግሞ በለጠፋችሁበት ሁሉ «ተሽጧል» በሉበት፣ ከሩቅ ሰፈር ታክሲ ተሳፍሮ የሚመጣ ሰው አለና።