በስጦታ መሬት ላይ የልጆች ካምፕ ለምታስቡ

አንድ ደግ ሰው «ከመሬቴ ጥግ ወስዳችሁ ልጆቹን አውሉበት» ሲላችሁ ሁሉም ሰው የሚታየው ድንኳን ነው። ለእኔ፣ ለማኅበራችን ገንዘብ ያዥ፣ የሚታየኝ ወረቀት ነው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ አይሸጥም፣ አይለወጥም። ደጉ ሰው ሊሰጣችሁ የሚችለው የመጠቀም መብቱን ብቻ ነው። እሱንም በስጦታ ይሁን በኪራይ፣ ለስንት ዓመት እንደሚያስተላልፍ የሚወስነው የክልሉ ሕግ ነው። ስለዚህ በይዞታ ደብተሩ ላይ ስማቸው የሰፈረው ባልም ሚስትም አብረዋችሁ ወደ ወረዳው የመሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ይሂዱ። ለአካለ መጠን የደረሱ ልጆች ካሏቸው እነሱም ይስሙ። አባት የሰጠውን ልጅ ሲነጥቅ ማየት የፈለገ በቃል ይስማማ።

ድንበሩን ከጎረቤቶች ጋር በእግር ዙሩት። ከብት ወደ ውሃ የሚወርድበትን መንገድ አትዝጉ፤ ከዘጋችሁ አጥራችሁ አይከርምም። ሽቦ ከመግዛት ቀጋ ወይም እሬት ትከሉ።

ከዚያ መጸዳጃ ቤት። ከምንጩ በታች፣ ቢያንስ 30 ሜትር ርቆ ይቆፈር፤ ክዳን፣ ከውስጥ የሚቆለፍ በር፣ ቧንቧ የተገጠመለት ጀሪካንና ሳሙና ይኑረው። (ጉድጓዱ ሳይቆፈር ቲሸርት የሚያሳትም ኮሚቴ ገንዘብ ቢጠይቀኝ አልፈርምም።)

ክረምት ጭቃና መብረቅ ነው፤ ኅዳርና ታኅሣሥ በደጋ ውርጭ ነው። የተማሪዎች የግማሽ ዓመት ዕረፍት ይሻላል፤ ያኔም ቢሆን ለአንድ ልጅ ሁለት ብርድ ልብስ ያዙ።

ልጆቹ እንደደረሱ ከምንም በፊት ሳማን አሳዩአቸው፤ ካላሳያችኋቸው በእጃቸው ያገኙታል። ከዚያ ዓይናቸውን ሸፍናችሁ ቅጠል አሽታችሁ አስሸትቷቸው፦ ጦስኝ፣ ዳማ ከሴ፣ ወይራ። ጦስኙን ከሻይ የሚያውቁት ወዲያው ይጮኻሉ። ዳማ ከሴ ላይ ግን አያታቸው ምች ሲመታቸው ያሹላቸው ልጆች ብቻ ያሸንፋሉ፤ የከተማዎቹ ዝም ይላሉ። ቀጥሎ ለየሁለት ልጅ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር መሬት በገመድ ከልላችሁ ስጡ፤ በርከክ ብለው ጉንዳኑን፣ ጢንዚዛውን፣ የሣሩን ዓይነት ይቁጠሩ። ግማሽ ሰዓት ያለ ስልክ ያልፋል። ወፍ ለማየት ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ ቀስቅሷቸው፤ ያጉረመርማሉ፣ ይነሣሉ።

ማገዶ ከደኑ አትልቀሙ፤ ገዝታችሁ ግቡ። የምግብ ትራፊ ውጭ አይደር፤ ጅብ ይስባል። የሌሊት ጥበቃ ከዚያው መንደር ቅጠሩ፤ ደመወዙንም ከድንኳኑ ኪራይ በፊት በበጀቱ ላይ አስፍሩት።