ሬዚስተሩን ፓነሉ ውስጥ አትሰሩ፤ የአላርም ገጠማ ስህተቶች

ሰሞኑን ደብረ ብርሃን ውስጥ የአንድ መጋዘን አላርም እንድፈትሽ ተጠርቼ ነበር። የፓነሉን (ሴንሰሮቹን የሚቆጣጠረው ዋና ሳጥን ነው) ክዳን ስከፍት ስምንቱም ሬዚስተሮች፣ የኤሌክትሪክ ፍሰት የሚገድቡት ትንንሽ ዕቃዎች፣ እዚያው ሽቦ የሚታሰርበት ተርሚናል ላይ ተደርድረው ታስረዋል። ተናደድኩ። ይሄን ስህተት ስንት ቦታ እንዳየሁት ቁጥሩ ጠፍቶብኛል።

ልጆች፣ የመስመር መጨረሻ ሬዚስተር የተባለው እኮ መስመሩ መጨረሻ ላይ ስለሚገባ ነው። ቦታው ሴንሰሩ ውስጥ ነው። ፓነሉ በሽቦው በኩል ያንን ሬዚስተር ሁልጊዜ ይለካል። ልኩን ካገኘ ዞኑ፣ ማለትም በዚያ ሽቦ የሚጠበቀው ቦታ፣ ሰላም ነው። ሽቦው ቢቆረጥ ወይም ሁለቱ ሽቦዎች ቢነካኩ ልኩ ይለወጣል፤ ፓነሉም ያውቃል። ሬዚስተሩ ፓነሉ ውስጥ ከሆነ ግን ሽቦዎቹ መንገድ ላይ ቢነካኩም ፓነሉ የሚያየው ያንኑ ልክ ነው። ከዚያ በኋላ ሌባ ሴንሰሩ ፊት ሲመላለስ ቢያድር አይሰማም።

ይሄን የምለው ደርሶብኝ ነው። ሥራ በጀመርኩበት ሰሞን ሸዋ ሮቢት አንድ ሱቅ ገጠምኩ። ሙቀቱ ከባድ ነበር። መሰላል ላይ መውጣቱ ሰልችቶኝ ሬዚስተሮቹን ታች ፓነሉ ውስጥ አሰርኳቸው። ከወራት በኋላ አናጢ መደርደሪያ ሲሰቅል ምስማሩ ኬብሉን ወጋው፤ ሁለቱ ሽቦዎች ተያያዙ። ፓነሉ አረንጓዴ እያበራ ሱቁ ተዘረፈ። የባለቤቱ ፊት እስከ ዛሬ ከዓይኔ አልጠፋም።

የሬዚስተሩን መጠን ደግሞ ከማኑዋሉ እዩ። አንዱ ፓነል 1 ኪሎ ኦም ይፈልጋል፣ ሌላው 2.2፣ ሌላው 4.7። ከሌላ ሥራ የተረፈውን አትክተቱበት።

የፒጂኤም መውጫም፣ ፓነሉ ሌላ ዕቃ እንዲያበራ ወይም እንዲያጠፋ የሚታዘዝበት፣ ብዙ ሰው ያሳስታል። ይሄ መውጫ ትእዛዝ ይሰጣል እንጂ ጉልበት የለውም። ብዙዎቹ ፓነሎች ላይ ከ50 እስከ 100 ሚሊ አምፔር ብቻ ነው የሚችለው። በኤሌክትሪክ የሚሠራ የበር ቁልፍ በቀጥታ ካሰራችሁበት መውጫውን የሚያበራው ትራንዚስተር ይቃጠላል፤ አንዳንዴም ቦርዱ ሙሉ ይቀየራል። መሀል ላይ ሪሌይ፣ በትንሽ ጉልበት ትልቁን የሚያበራ ማብሪያ፣ አስገቡ። የሪሌዩ የሽቦ ጥቅል ላይ ዳዮድ፣ ኤሌክትሪክ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ዕቃ፣ እሰሩ፤ መስመር ያለበት ጫፉ ወደ ፖዘቲቭ ይሁን። ሪሌዩ ሲጠፋ የሚመልሰውን ከፍተኛ ቮልት የሚያስቀረው እሱ ነው።

ሳይረን የራሱ መውጫ አለው። ከሴንሰሮች ጋር ከአንድ መውጫ አታብሉት። ሲጮህ ቮልቱ ይወርድና ሴንሰሮቹ ይጠፋሉ።

የሳይረኑ ኬብል ውፍረትም ይታሰብ። 0.22 ካሬ ሚሊ ሜትር ኬብል 50 ሜትር ላይ ደርሶ መልስ 8 ኦም ገደማ አለው። 300 ሚሊ አምፔር የሚወስድ ሳይረን ላይ ከ2 ቮልት በላይ መንገድ ላይ ይቀራል ማለት ነው። መብራት ጠፍቶ በባትሪ ሲሠራ ደግሞ ይብሳል። ወፍራም ሽቦ ሳቡ።

ባትሪውን በተመለከተ፣ 7 አምፔር ሰዓት የሚለው ጽሑፍ አዲስ ሲሆን ነው። ቆላ ውስጥ ሙቀቱ ቶሎ ይገድለዋል። በየመንፈቁ መብራቱን አጥፍታችሁ ሳይረኑን አስጩሁት።

የአላርም ኬብል ከ220 ቮልት ሽቦ ጋር በአንድ ቱቦ አይሄድም። በቃ።

ሥራ ጨርሳችሁ ከመውጣታችሁ በፊት በየሴንሰሩ የዞኑን ሁለት ሽቦዎች በካቻቢቴ አነካኩ። አንድ ሰው ፓነሉን ይይላችሁ። ፓነሉ ዝም ካለ ሬዚስተሩ ቦታው ላይ የለም።

ደብረ ብርሃን መጋዘኑ ውስጥ ሬዚስተሮቹን አንድ በአንድ ወደ ሴንሰሮቹ አዛወርኳቸው። ሰባተኛው ዞን ላይ ስደርስ ፓነሉ ወዲያው ብልሽት አሳየ። ኬብሉን ተከትለን ስንሄድ ከኮርኒሱ በላይ አይጥ ልጣዋለች፤ ሁለቱ ሽቦዎች ተያይዘው ኖረዋል። የኋላው በር ሴንሰር ነበር። አዲስ ኬብል ስበን ስንጨርስ መሽቶ ነበር።