የቤት ሳሙናዬ ፒኤች 7 አልሆን አለ፦ ችግርና መፍትሄ

ቤት ውስጥ ሳሙና መሥራት ከጀመርኩ ወዲህ የዚህን ጥያቄ ያህል ደጋግሜ የተጠየቅኩት የለም። «ፒኤቹን እንዴት አድርጌ ወደ 7 ላውርደው?» ፒኤች አንድ ነገር ምን ያህል አሲድ ወይም ቤዝ (የአሲድ ተቃራኒ) እንደሆነ የሚያሳይ ቁጥር ነው፤ 7 መሃሉ ነው፣ ከዚያ በታች አሲድ፣ ከዚያ በላይ ቤዝ። ጠያቂዎቹ ጠንቃቆች ናቸው። ዘይታቸውን መዝነዋል፣ ኮስቲክ ሶዳውን ተጠንቅቀው በጥብጠዋል፣ ሳሙናውም ጠጥሮላቸዋል። ከዚያ የፒኤች መለኪያ ወረቀቱን ይነክሩና 10 ሲያዩ ይደነግጣሉ። ብዙዎቹ ያንን ደህና ሳሙና «ላስተካክለው» ሲሉ ያበላሹታል። የለፉበት ነገር በዚህ ምክንያት ሲጣል ማየት ያሳዝነኛል። ስለዚህ ያያችሁትን ምልክት እዚህ ፈልጉ፤ ምክንያቱና መፍትሄው ከሥሩ አለ።

ወረቀቱ 9 ወይም 10 ያሳያል፣ ሳሙናው ግን አያቃጥልም

ሳሙናችሁ ደህና ነው። ምንም አትጨምሩበት።

ሳሙና ማለት ዘይት ወይም ሞራ ከኮስቲክ ሶዳ ጋር ሲዋሃድ የሚፈጠር ጨው ነው። የወጥ ጨው ማለቴ አይደለም፤ በኬሚስትሪ አሲድና ቤዝ ተገናኝተው የሚሰጡት ነገር ጨው ይባላል። ከዘይቱ የሚመጣው ፋቲ አሲድ ደካማ ነው። ኮስቲክ ሶዳ ደግሞ ብርቱ ቤዝ ነው። ከሁለቱ የሚወለደው ጨው ወደ ብርቱው ያደላል። ውሃ ውስጥ ሲገባ የተወሰነው ክፍል ከውሃው ሃይድሮጅን ይወስዳል፣ ውሃውም ወደ ቤዝነት ያዘነብላል። አንዲት ቅንጣት ኮስቲክ ሳይተርፍበት በትክክል የተሠራ ሳሙና ከ9 እስከ 10.5 የሚያሳየው ለዚህ ነው። የኑግ ዘይት ይሁን የወይራ፣ ፋብሪካ ይሥራው ጓዳ፣ ያው ነው።

ታዲያ ይህ የ7 ነገር ከየት መጣ? እኔ እንደሚመስለኝ አንዱ ምንጩ የፈሳሽ ሳሙና ሥራ ነው። የዕቃና የልብስ ፈሳሽ ሳሙና የሚያመርቱ ሰዎች ሰልፎኒክ አሲዱን በኮስቲክ ሶዳ ያለዝቡና ወረቀቱ 7 አካባቢ ሲደርስ ያቆማሉ። እዚያ ልክ ናቸው። ሰልፎኒክ አሲድ ራሱ ብርቱ ስለሆነ ከብርቱ ቤዝ ጋር መሃል ላይ ይገናኛል። የሚወጣው ነገር ግን በስም ሳሙና ቢባልም ዲተርጀንት ነው። የእሱን ልክ ለዘይት ሳሙና መዋስ አይሠራም። እንዶድም እንደዚያው ነው። እናቶቻችን ነጠላና ጋቢ ያጠቡበት የእንዶድ አረፋ ሳፖኒን ከሚባል ንጥረ ነገር የሚመጣ ነው እንጂ ዘይትና ኮስቲክ የለበትም። አረፋ የሚያወጣ ሁሉ ሳሙና አይደለም።

አንድ ነገር ደግሞ ልብ በሉ። ዴንማርካዊው ኬሚስት ሶረንሰን በ1909 ያወጣው የፒኤች መለኪያ በእኩል እርምጃ አይሄድም። አንድ ቁጥር አሥር እጥፍ ነው። ከ10 ወደ 7 መውረድ ማለት ሺህ እጥፍ መቀነስ ማለት ነው። «ትንሽ ሎሚ ጠብ ላድርግበት» የሚባለውም ነገር ትንሽ ሆኖ አይቀርም፤ አሲዱን የሚበላው ራሱ ሳሙናው ነው።

ሎሚ ወይም አቼቶ ጨመርኩበት፤ ተቋጠረ፣ ዘይትም ተንሳፈፈበት

ይሄን በራሴ ላይ አይቼዋለሁ። በጀመርኩበት ዓመት ሁለት ኪሎ የሚሆን የወይራ ሳሙና አቅልጬ የሎሚ ጭማቂ አፈሰስኩበት። ወረቀቱ ዝቅ እያለልኝ ነበር፤ ደስ አለኝ። ወዲያው ግን ልክ ወተት ላይ ሎሚ እንደ ጠብ ማለት ሆነ። ነጭ ነጭ ቋጠሮ ወጣ፣ አረፋው ጠፋ፣ እጄ ላይ ሰም የመሰለ ቅባት ቀረ።

ምክንያቱ ቀላል ነው። አሲዱ ከሳሙናው ላይ ሶዲየሙን ይነጥቃል። ሶዲየሙን ያጣ ሳሙና ተመልሶ ፋቲ አሲድ ይሆናል፤ እሱ ደግሞ ውሃ ውስጥ አይሟሟም፣ አያጥብም። ፒኤቹ ከ9 በታች መውረድ ሲጀምር ሳሙናውም መፍረስ ይጀምራል። 7 ላይ ስትደርሱ በእጃችሁ ያለው ሳሙና የነበረ ነገር ነው።

አሲዱን ገና ከመጀመሪያው ኮስቲኩ ውሃ ውስጥ ብጨምረውስ? የሚሉም አሉ። ያኔ አሲዱ መጀመሪያ የሚያገኘው ኮስቲኩን ነው። 5 በመቶ የሆነ 100 ግራም አቼቶ 3.3 ግራም ያህል ኮስቲክ ይበላል። 10 ግራም ሲትሪክ አሲድ (ሎሚ ውስጥ ያለው አሲድ፣ በዱቄት መልክ) ደግሞ 6.24 ግራም። ለዘይቱ የሚቀረው ኮስቲክ ያንሳል፣ ያልተለወጠ ዘይት ይበዛል፣ ሳሙናው ይለሰልሳል። ፒኤቹ ግን እዚያው 9 እና 10 ላይ ነው።

መፍትሄው የጨመራችሁትን በማወቃችሁ ላይ የቆመ ነው። የሲትሪክ አሲዱን ክብደት ጽፋችሁ ከሆነ፣ በ10 ግራሙ 6.24 ግራም ኮስቲክ በጥቂት ውሃ በጥብጣችሁ መልሱለት። በቀስታ እሳት እያማሰላችሁ አብስሉት፤ ይመለሳል። የሎሚ ጭማቂ በግምት ከሆነ ያፈሰሳችሁት ግን ኮስቲክም በግምት አትጨምሩ። የእኔ ሁለት ኪሎ ተጥሏል።

ሲትሪክ አሲድ በሳሙና ውስጥ ጥሩ ሥራ አለው፤ ጠንካራ ውሃ (ካልሲየም የበዛበት ውሃ) ባለበት ቦታ ካልሲየሙን ይይዝና ገንዳ ላይ የሚጋገረውን ነጭ እድፍ ይቀንሳል። ለዚያ የምትጠቀሙ ከሆነ የሚበላውን ኮስቲክ አስቀድማችሁ ደምሩ።

ወረቀቱ 7 አሳየኝ፤ ተሳካልኝ ማለት ነው?

አይመስለኝም። ደረቅ ሳሙና ላይ የተለጠፈ ወረቀት ምንም አይለካም። በደንብ ቢነከር እንኳ ሳሙናው ራሱ የወረቀቱን ቀለም ስለሚያዛባ ቁጥሩ ብዙ ጊዜ ዝቅ ብሎ ይነበባል። 1 ግራም ሳሙና ፍቃችሁ በ99 ግራም የተጣራ ውሃ አሟሙ። ዲጂታል መለኪያ ካላችሁ በ7 እና በ10 ማስተካከያ ፈሳሽ ካስተካከላችሁት በኋላ ለኩ። ያኔ እውነተኛውን ቁጥር ታገኛላችሁ።

ፈሳሽ «ሳሙና» ገዝታችሁ በእርግጥ ሳሙና መሆኑን ማወቅ ካማራችሁ፣ በውሃ አቅጥናችሁ ጥቂት አቼቶ ጠብ አድርጉበት። ከደፈረሰና ከተቋጠረ ሳሙና ነው። ዝም ካለ ዲተርጀንት ነው፤ እሱ 7 ቢሆን አይገርምም።

ሳሙናው ያቃጥላል፣ ምላስ ይነዝራል

መደንገጥስ እዚህ ላይ ነው። ፒኤቹን ሲያሳድዱ ይህን የሚረሱ ሰዎች ያሳስቡኛል፤ ቆዳ የሚጎዳው የተረፈው ኮስቲክ ነውና።

መፈተሻው ምላስ ነው። ሳሙናው ከተሠራ ሁለት ቀን ካለፈው በኋላ ጣታችሁን አርጥባችሁ እሹት፤ አረፋውን በምላስ ጫፍ ነካ አድርጉ። የሳሙና ጣዕም ብቻ ከሆነ ደህና ነው። የባትሪ ጫፍ እንደ መንካት ከነዘራችሁ ኮስቲክ ተርፏል፤ አፋችሁን ወዲያው ተጉመጥመጡ።

በማንኪያና በኩባያ መለካት አንዱ ምክንያት ነው። ኮስቲክ በግራም ሚዛን እንጂ በዓይን አይሆንም። በእኔ ልምድ ግን በብዛት የማየው ዘይት መቀየር ነው። አንድ ግራም የኮኮናት ዘይት 0.183 ግራም ኮስቲክ ይፈልጋል። አንድ ግራም የኑግ ዘይት የሚፈልገው 0.135 አካባቢ ነው። 500 ግራም ኮኮናት ወደ 92 ግራም ኮስቲክ ይወስዳል። ኮኮናት ተወደደ ብላችሁ፣ ኮስቲኩን ሳትቀንሱ በዚያው ልክ ኑግ ካደረጋችሁ የሚበቃችሁ 68 ግራም ነበር። 24 ግራም ኮስቲክ ሳሙናው ውስጥ ተቀምጦ ቆዳችሁን ይጠብቃል ማለት ነው።

መፍትሄው እንደ ስህተቱ መጠን ይለያያል። ንዝረቱ ቀለል ያለ ከሆነ ሳሙናው አየር በሚያገኝበት መደርደሪያ ላይ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይቆይ፤ እንደገና ፈትሹት። ከዚያ በኋላም ከነዘረ መጠበቁ አያድነውም። ፍቃችሁ፣ ጥቂት ውሃ ጨምራችሁ በቀስታ እሳት አቅልጡትና የጎደለውን ዘይት መዝናችሁ ጨምሩ። ከላይ ባለው ምሳሌ 210 ግራም ያህል ኑግ ሲጨመር ኮስቲኩ ያልቃል፣ 5 በመቶ ዘይትም ለቆዳው ይተርፋል። ስሌቱን ማወቅ ካልቻላችሁ ገላ አታጥቡበት።

ኮስቲክ ስትነኩ ጓንትና መነጽር ይኑር። ኮስቲኩን ወደ ውሃው ጨምሩ፤ ውሃ ኮስቲክ ላይ ከተደፋ ይፈናጠራል። የአሉሚኒየም ድስት ፈጽሞ አትጠቀሙ። ኮስቲክ አሉሚኒየምን ይበላዋል፣ የሚነድ ጋዝም ይወጣል። አይዝጌ ብረት ወይም ወፍራም ፕላስቲክ ይሁን።

ሳሙናው ገጽ ላይ ብቻ ነጭ ዱቄት ካያችሁ ከአየር ጋር የተፈጠረ ሶዳ አሽ (ሶዲየም ካርቦኔት እንጂ ኮስቲክ ሶዳ ያልሆነ) ሊሆን ይችላል፤ በእርጥብ ጨርቅ ይጠረጋል። ስትቆርጡት ውስጡ ነጭ ጠጠር ወይም ፈሳሽ ኪስ ካለ ግን ኮስቲክ ሊሆን ስለሚችል ወደ ማቅለጡ ሂዱ።

አይነዝርም፣ ግን ቆዳዬን ያደርቀዋል

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ተመልሶ ፒኤቹን ይከሳል። እኔ መጀመሪያ የምጠይቀው «ኮኮናቱ ስንት በመቶ ነው?» ብዬ ነው። የኮኮናት ሳሙና አረፋው ያምራል፣ ቅባትንም አጥርቶ ያነሳል፤ የቆዳችሁን ቅባትም ጭምር። ኮኮናቱን ከዘይቱ ሁሉ ወደ 20 ወይም 25 በመቶ አውርዱት፤ ትርፍ ዘይቱን (ወደ ሳሙና ሳይለወጥ የሚቀረውን) ከ5 ወደ 8 በመቶ ከፍ አድርጉ። ፒኤቹ ምንም ሳይለወጥ ልዩነቱ ይሰማችኋል። ጤናማ ቆዳ 5 አካባቢ ነው ያለው፤ በሳሙና ከታጠበ በኋላ ከፍ ይልና በሰዓታት ውስጥ ራሱ ይመለሳል።

ለፀጉር ነገሩ ይከብዳል። ፀጉር ራሱን የሚመልስበት መንገድ የለውም። በሳሙና የምትታጠቡ ከሆነ በመጨረሻ አንድ ሊትር ውሃ ላይ ሁለት ማንኪያ አቼቶ አድርጋችሁ ተለቅለቁበት። ሳሙናው ውስጥ የማይገባው አሲድ እዚህ ቦታ አለው።

የሚያሳክክ፣ የሚሰነጠቅ ወይም ኤክዜማ ያለበት ቆዳ

እንዲህ ያለ ቆዳ ተመልሶ ለመስተካከል ይቸገራል፤ ለእሱ 9 እና 10 በእርግጥ ብዙ ነው። መፍትሄው ከሳሙና ውጭ ነው። ሲንዴት የሚባሉት ከዲተርጀንት የሚሠሩ ማጠቢያዎች ከ5.5 እስከ 7 ሊሆኑ ይችላሉ። ማሸጊያው ላይ ሶዲየም ኮኮይል አይሴቲዮኔት የሚል ስም ፈልጉ። የእህቴ ልጅ ኤክዜማ ሲይዛት ያን ገዝቼ ወሰድኩላት፤ የኔን ሳሙና እህቴ ለራሷ ትታጠብበታለች።