ጊታርና አንድ የምትወዱት ሰው ካላችሁ፦ ከድሬ ወይም ከሐረር የራስን የፍቅር አልበም እንዴት መሥራት ይቻላል

ስለምታፈቅሩት ሰው የጻፋችኋቸው አምስት ስድስት ዘፈኖች ስልካችሁ ውስጥ ተቀድተው ካሉ፣ ይህ ጽሑፍ ለእናንተ ነው። እነዚያን ቅጂዎች አልበም ማድረግ ይቻላል። ግን እኛ አገር አልበም በብዛት የሚሠራበት መንገድ ለዚህ ዓይነቱ ሥራ አይመችም። ግጥሙ ከአንዱ ይገዛል፣ ዜማው ከሌላው፣ ቅንብሩ ለሦስተኛ ሰው ይሰጣል፣ ዘፋኙ መጨረሻ ላይ ድምፁን ይዞ ይመጣል። በዚህ መንገድ የምንወዳቸው ትልልቅ ሥራዎች ወጥተዋል። ፎልክ ሮክ፣ ማለትም እናንተ በጊታራችሁ የምትሠሩት ግጥም ላይ ያተኮረ ሙዚቃ ከሮክ ጋር ሲገናኝ፣ ግን ሌላ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የጻፈው፣ ያዜመውና የሚዘፍነው አንድ ሰው ነው፣ አድማጩም የሚመጣው የዚያን ሰው ጉዳይ ሊሰማ ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች የምላችሁ ነገር በሙሉ ለአንድ ዓላማ ነው፤ ቃሉ እንዲሰማ። የጊታሩ ቅኝት፣ ማይኩ፣ ከበሮው፣ ሁሉም ለቃሉ ይሥራ።

ግጥሙ

ስለ ፍቅር አትጻፉ። ለአንድ ሰው ጻፉ። «ያለ አንቺ መኖር አልችልም» የሚለውን ማንም ለማንም ሊለው ይችላል። ይልቅ ወረቀት ያዙና ከዚያ ሰው ጋር የነበራችሁበትን ቦታ፣ ሰዓቱን፣ የበላችሁትን፣ የተባለውንና ሳይባል የቀረውን ዘርዝሩ። ከዚራ ዛፍ ሥር የጠበቃችሁበት ቀን ነው? ቀፊራ ገበያ ግርግር ውስጥ የተጠፋፋችሁበት? ሚኒባሱ ደንገጎን ሲወጣ ትከሻችሁ ላይ እንቅልፍ የወሰዳት ቀን? ዝርዝሩ ሁለት ገጽ ሳይሞላ ጊታር አታንሡ። ጊታሩ ቶሎ ከገባ ጣታችሁ የለመደውን ዜማ ይጫወታል፣ ቃሉም ያንን ተከትሎ የለመድነው ቃል ይሆናል።

ምሳሌ ልስጣችሁ። ሰው ጠብቄ ቀረብኝ ማለት ፈለጋችሁ እንበል። «ቀረሽብኝ፣ ልቤ አዘነ» ብትሉ ያው ነው። እንዲህ ቢሆንስ፦

ሻይሽ ቀዘቀዘ ከከዚራ ጥላ፣
ባጃጅ ሲቆም እኔ ስዞር ወደ ኋላ።

ማዘኑ አልተነገረም፣ ግን አለ። ሻዩን ቀድሞ ማዘዙ ራሱ ብዙ ይናገራል። ልኩንም ተመልከቱት፤ እያንዳንዱ መስመር መሃል ላይ ለሁለት ይከፈላል፣ ግራና ቀኙ ስድስት ስድስት ቀለም ነው። ይህ ወል ቤት የሚባለው ነው፣ ጆሯችን ከልጅነት ጀምሮ ያውቀዋል። አምስት አምስት የሚሄደው ሰንጎ መገንም አለ፣ ለፈጠን ያለ ዘፈን ይመቻል። እነዚህን ልኮች ከልባችሁ ተማሯቸው። የውጭ ዘፈን ዜማ ላይ አማርኛ ስትጭኑ ቃሉ የሚንሻፈፈው በአብዛኛው ልኩ ስለማይገጥም ነው። መጥበቅና መላላትንም አትርሱ። ዜማው የሚጠብቀውን ድምፅ አላልቶ ካስባላችሁ፣ የሚስተካከለው ዜማው ነው እንጂ አማርኛው አይደለም።

ቋንቋውን በተመለከተ ደግሞ ቤታችሁ እንደምታወሩት ዝፈኑ። የድሬ ልጅ አንድ ዓረፍተ ነገር በአማርኛ ጀምሮ በኦሮምኛ ወይም በሶማሊኛ ሲጨርስ ማንም አይገርመውም፣ ጀጎል ውስጥ ደግሞ ሐረሪው አለ። የድሬዳዋው አሊ ቢራ ከአፍረን ቀሎ የሙዚቃ ቡድን ተነሥቶ፣ በ2015 ዓ.ም. እስኪያርፍ ድረስ በኦሮምኛም በአማርኛም በሐረሪም በሶማሊኛም በዓረብኛም የዘፈነ ሰው ነው። እኛ በእሱ ከተማ ተቀምጠን የአዲስ አበባ ሬዲዮ አማርኛ ብቻ የምንዘፍንበት ምክንያት አይታየኝም። የምትወዷት ልጅ ስትቆጣ «አቦ!» የምትል ከሆነ፣ አዝማቹ ላይ «አቦ» ይግባ።

አንድ ከባድ ነገር አለ፣ ዘልዬው ማለፍ አልፈልግም። ድሬ ትልቅ ከተማ ብትሆንም ሰው ይተዋወቃል፣ ሐረር ደግሞ ከዚያ ይብሳል። ስሟን፣ የምትሠራበትን፣ የሰፈሯን አቅጣጫ ዘፈን ውስጥ አታስገቡ። ቀን ቀይሩ፣ ሰፈር ቀይሩ። ተለያይታችሁ ከሆነ ደግሞ ተጎዳሁ ያላችሁበትን ዘፈን ከማውጣታችሁ በፊት አንድ ሌላ ዘፈን ጻፉ፤ እሷ ወይም እሱ ነገሩን ከራሳቸው በኩል ቢዘፍኑት ምን ይሉ ነበር? ሁለተኛው አብዛኛውን ጊዜ ከመጀመሪያው ይበልጣል። የሚቻል ከሆነም አልበሙ ሳይወጣ አሰሟቸው። «ይቺን መስመር አውጣልኝ» ካሉ ይውጣላቸው። ዘፈኑ የእናንተ ነው፣ ሕይወቱ ግን የሁለታችሁ ነው።

ቅኝቱና ጊታሩ

አራቱን ቅኝቶች ከጊታር አንገት ላይ ፈልጋችሁ አግኟቸው፤ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺሆዬ። ሁሉም አምስት አምስት ድምፅ ናቸው። ችግሩ የተለመደው የጊታር ኮርድ ቅኝቱ ውስጥ የሌለ ድምፅ ይጨምራል፣ ያኔ ዜማው አበሻም ፈረንጅም ሳይሆን መሃል ላይ ይቀራል። መፍትሔው የጊታሩን ክሮች አቃኝ መለወጥ ነው። ስድስተኛውን ክር ከኢ ወደ ዲ አውርዱ፣ ሁለተኛውን ከቢ ወደ ኤ፣ አንደኛውን ከኢ ወደ ዲ። ከወፍራሙ ወደ ቀጭኑ ዲ፣ ኤ፣ ዲ፣ ጂ፣ ኤ፣ ዲ ይሆናል። አሁን በዲ የሚጀምረውን ባቲ ማይነር ተጫወቱ፤ ዲ፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ኤ፣ ሲ። ክፍት የቀሩት ክሮች በሙሉ ቅኝቱ ውስጥ ያሉ ናቸው፣ ምንም ሳትይዙ ብትመቱት እንኳ አያጣላም። ከጂ ለሚነሣ ትዝታም ይሠራል፤ ጂ፣ ኤ፣ ቢ፣ ዲ፣ ኢ። በዚህ አቃኝ ግራ እጃችሁ ሥራው ይቀላል፣ ሐሳባችሁም ቃሉ ላይ ይሆናል።

ካናዳዊቷ ጆኒ ሚቼል በልጅነቷ ፖሊዮ ግራ እጇን ስላደከመው ነው ክሮቹን በራሷ መንገድ እያቃኘች መጫወት የጀመረችው፣ ከዚያ የወጣው ድምፅም የእሷ መታወቂያ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1971 ያወጣችውን «ብሉ» የተባለውን አልበም ስሙት። የራሷ ፍቅርና መለያየት ነው፣ አብዛኛው ድምፅና አንድ ወይም ሁለት መሣሪያ ብቻ ነው፣ አንድም ቃል አያመልጣችሁም። ኮርዱን ሳይሆን አየሩን ተማሩበት፤ መቼ ዝም እንደምትል።

ምቱን በተመለከተ የአኮስቲክ ጊታር ምት በስድስት ስምንተኛው (6/8) ሲሄድ ችክችካውን ያለ ከበሮ ይሰጣችኋል። የሐረርጌ ጭፈራ ሸጎዬም አለ፣ ወጣት ለወጣት የሚዘፍንበት ስለሆነ ለፍቅር አልበም ከዚህ የተሻለ ጎረቤት የለም። ሁሉም ዘፈን ዘገምተኛ ትዝታ ከሆነ ግን አድማጭ አራተኛው ላይ ይተኛል።

ስንት ዘፈን?

ዘጠኝ ወይም አሥር፣ በጠቅላላው 40 ደቂቃ ገደማ። አሥራ አምስት ካላችሁ አምስቱ ይቅሩ፣ በተለይ ሁለት ዘፈን ስለ አንድ ቀን ከሆነ ደካማው ይውጣ። የመጀመሪያው ዘፈን ሰውየውን ወይም ሴትዮዋን የሚያስተዋውቀን ይሁን እንጂ የግድ የተገናኛችሁበት ቀን መሆን የለበትም።

ቀረጻው

እዚህ ላይ አገራችን የራሷ ፀባይ አላት። ድሬ ሙቀት ነው። ጊታር ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ወይም ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጥ ከተተወ ሙጫው ይላቀቃል፣ አንገቱ ይጣመማል። በየቅጂው መሃል አቃኙት። ቬንትሌተር ስትቀዱ ይጠፋል፣ ሌላ አማራጭ የለውም፣ ድምፁ ማይክ ውስጥ ገብቶ አይወጣም። ስለዚህ አጫጭር ቅጂ፣ ከዚያ ዕረፍትና ውኃ። ጥሩው ሰዓት ከቀትር በኋላ ነው፤ ሱቁ ይዘጋል፣ ሰው ለጫቱም ለዕረፍቱም ይገባል፣ ባጃጁም ይቀንሳል። ሙቀቱን የማትችሉት ከሆነ ሌሊቱ አለ፣ ግን አዛኑና ቅዳሴው ከመጀመሩ በፊት ጨርሱ። መብራት ሊሄድ ስለሚችል በላፕቶፕ ባትሪ ቅዱ፣ ከእያንዳንዱ ቅጂ በኋላ ሴቭ አድርጉ።

ዘመድ ወይም ጓደኛ ካላችሁ ግን ጊታራችሁን ይዛችሁ ወደ ሐረር ውጡ። 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ አየሩም ቀዝቃዛ ነው። ጀጎል ውስጥ ያለው የሐረሪ ቤት ግድግዳው ወፍራም ድንጋይ ነው፣ የውጭ ድምፅ አያስገባም። ውስጡ መደቡ ላይ ምንጣፉና ትራሱ ሞልቷል፣ ያ ሁሉ ድምፅ እንዳያስተጋባ ይመጥጣል። ሰው በብዙ ብር ስፖንጅ የሚለጥፍበትን ሥራ ያ ቤት ሠርቶ ጨርሶታል። የልብስ ስፌት መኪናዎቹ ከሚንጫጩበት «ማኪና ግርግር» ከሚባለው መንገድ ራቅ ያለ ቤት ምረጡ፣ ባለቤቶቹንም በደንብ አስፈቅዱ።

ዕቃው ብዙ አይደለም። አንድ ኮንደንሰር ማይክ፣ አንድ ኦዲዮ ኢንተርፌስ (ማይኩን ከላፕቶፑ ጋር የሚያገናኘው ዕቃ)፣ ኸድፎን። የመቅጃ ፕሮግራሙን 24 ቢት፣ 48 ኪሎኸርዝ ላይ አድርጉት። ከአፋችሁ እስከ ማይኩ 15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ይበቃል፣ መሃሉ ላይ ፖፕ ፊልተር (የአፍን ትንፋሽ የሚያስቀረው መረብ) ይቁም። ጊታሩን ለብቻው የምትቀዱ ከሆነ ማይኩን ወደ 12ኛው ፍሬት አዙሩት እንጂ ቀዳዳው ላይ አትደግኑት፣ እዚያ ይጎረናል። ድምፁ ሲጮህ ከዜሮ በታች 6 ዴሲቤል እንዳያልፍ ጠብቁ።

እኔ ግን ለዚህ ዓይነት አልበም ድምፅና ጊታር አብረው ይቀዱ ባይ ነኝ። ብዙ ስቱዲዮ ለየብቻ ይላችኋል፣ ማስተካከሉ ስለሚቀላቸው። እውነታቸውን ነው። ነገር ግን ከራሱ ጊታር ጋር የሚዘፍን ሰው መስመሩ ላይ ትንሽ ሲዘገይ ጊታሩም አብሮት ይዘገያል። ሜትሮኖም (ምት ቆጣሪ) ላይ ለብቻ ስትቀዱት ያ ትንፋሽ ይጠፋል። ከተሳሳታችሁ ከላይ ጀምራችሁ ድገሙት። የተዛባ ድምፅ የሚያስተካክለው ኦቶቲዩን አያስፈልግም፤ የምትወዱት ሰው ድምፃችሁን ያውቀዋል።

ባንዱና ሚክሱ

ፎልክ ሮክ ሮኩን የሚያገኘው ከቤዝና ከድራም ነው። ቦብ ዲላን እ.ኤ.አ. በ1965 ኒውፖርት ላይ ኤሌክትሪክ ጊታር ይዞ ሲወጣ የተቆጡበት የፎልክ ወዳጆች ነበሩ፣ ዛሬ ግን ሁለቱ መገናኘታቸው የተለመደ ነው። ቤዙ ሁለተኛው ስንኝ ላይ ይግባ፣ ድራመሩ በዱላ ፈንታ ብሩሽ ይያዝ፣ ኤሌክትሪክ ጊታሩ ቃል በሌለበት ቦታ ብቻ ይናገር። ክራር ካለ እሰየው። ኪቦርድ ግን ይቅርባችሁ። እኛ ጋር ኪቦርድ ባዶ ቦታ ሲያይ መሙላት ለምዷል፣ ይህ አልበም ደግሞ ባዶ ቦታውን ይፈልገዋል።

ሚክስ ሲደረግ፣ ማለትም የተቀዱት ድምፆች ሲመጣጠኑ፣ ድምፃችሁ ከሁሉም ፊት ይቀመጥ። ከ200 እስከ 400 ኸርዝ ያለውን የጊታር ጉርምርምታ ትንሽ ቀንሱት፣ ቃላቱ ጠርተው ይወጣሉ። ከዚያ ይህን ፈተና አድርጉ። ዘፈኑን ሰምቶ ለማያውቅ ሰው በስልክ ስፒከር አንድ ጊዜ አጫውቱለትና የሰማውን ይጻፍላችሁ። የጻፈው ከጎደለ ሚክሱ አላለቀም፣ ወይም መስመሩ ራሱ አይባልም ማለት ነው። ይህን ለእያንዳንዱ ዘፈን አድርጉት። ማስተሪንጉ (የመጨረሻው የድምፅ ማስተካከያ) ላይ ደግሞ «ይጩህ» የሚላችሁን አትስሙ፣ ዩቲዩብም ስፖቲፋይም የጮኸውን ወደ ኔጌቲቭ 14 ሉፍስ (የድምፅ ጩኸት መለኪያ ነው) አካባቢ ያወርዱታል።

መብቱና መውጫው

ከቤዚስቱም፣ ከድራመሩም፣ ከሚክስ ሠሪውም ጋር በወረቀት ተፈራረሙ፣ ጓደኛ ቢሆኑም። በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት ግጥሙና ዜማው የእናንተ የሚሆነው ስለሠራችሁት ነው፣ ጥበቃውም ዕድሜያችሁን ሙሉና ከዚያ በኋላ 50 ዓመት ነው። አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ሄዶ ማስመዝገብ ግን ክርክር ቢመጣ ማስረጃ ይሆናችኋል።

ለፋሲካ ወይም ለእንቁጣጣሽ አታውጡት። ያኔ ትልልቆቹ ይወጣሉ፣ ቤቱ ሁሉ ጭፈራ ይፈልጋል፣ እንዲህ ያለ ለብቻ የሚደመጥ ሥራ ይዋጣል። በዓል የሌለበት ወር ምረጡ። ስትጭኑት የእያንዳንዱን ዘፈን ግጥም ሙሉውን በፊደል ከሥሩ ጻፉት፣ የተጫወተውን ሁሉ ስምም አስገቡ። ከዚያ በፊት ግን ጓደኛ ግቢ ውስጥ፣ ማይክ ሳትይዙ፣ ሃያ ለሚሆን ሰው ከአንደኛው እስከ መጨረሻው ተጫወቱላቸው። ሰው ስልኩን የሚያወጣበት ዘፈን ካለ ተራ ቁጥሩን ያዙ፤ ወይ ቦታው ይቀየራል፣ ወይ ከአልበሙ ይወጣል።