ለሞልድ ሥራ የሚሆን ጠፍጣፋና ልሙጥ ሰሌዳ አመራረጥ

ፈሳሽ ሆኖ ፈስሶ እንደ ላስቲክ የሚረጋው ሲሊኮን የተኛበትን ነገር መልክ እንዳለ ይቀዳል። ጣውላ ላይ ከፈሰሰ የእንጨቱን ጅማት፣ ስኮች ላይ ከፈሰሰ የስኮቹን ጠርዝ፣ መስታወት ላይ ከፈሰሰ ደግሞ የመስታወቱን አንጸባራቂነት ይዞ ይነሳል። ስለዚህ ሞዴሉ (ቅጂው የሚወሰድበት ዕቃ) የሚጣበቅበትን ሰሌዳ እንደ ሞልዱ (ከሲሊኮን እንደሚሠራው የቅጂ ማውጫ) አንድ ፊት መቁጠር ያስፈልጋል። ሞዴሉን ቀናት ሙሉ በብርጭቆ ወረቀት ሲያለሰልስ የከረመ ሰው ሰሌዳውን ካገኘበት አንስቶ ቢጠቀም ድካሙ እዚያው ላይ ይባክናል።

ጠፍጣፋነትና ውሃ ልክ ለየቅል ናቸው

ጠፍጣፋነት የሰሌዳው የራሱ ጠባይ ነው፤ ጉብታ፣ ጎድጓዳ ወይም ጥምዝ የለበትም ማለት ነው። ውሃ ልክ ግን የአቀማመጥ ጉዳይ ነው። ሁለቱ ሲጓደሉ የሚያበላሹት የሞልድ ክፍል ይለያያል፤ የትኛው እንደጎደለ ለማወቅም የሞልዱን አገላበጥ ማሰብ ይበቃል።

ባለ አንድ ወገን ሞልድ ሲሠራ የሞዴሉ ጀርባ ከሰሌዳው ጋር ይጣበቃል፤ ሲሊኮኑም ከላይ ይፈስበታል። ሲሊኮኑ ረግቶ ሲገለበጥ ሰሌዳውን የነካው ፊት የሞልዱ አፍ ይሆናል። ከላይ በኩል በራሱ ፈስሶ የተስተካከለው ፊት ደግሞ መቀመጫው ይሆናል። ሰሌዳው ከጎበጠ አፉ ይጎብጣል፤ ሬዚን (ፈስሶ የሚጠነክር ፈሳሽ ፕላስቲክ) ሲሞላበት ባንዱ በኩል እየፈሰሰ በሌላው በኩል ይጎድላል። ጀርባው ደልደል እንዲል አፉ ላይ ክዳን ሲጫንም ሬዚኑ በክፍተቱ ሾልኮ ዙሪያውን ስስ ትርፍ ጠርዝ ይተዋል።

ሰሌዳው ጠፍጣፋ ሆኖ ካዘመመ ሞልዱ እንደ ሽብልቅ ባንድ ወገን ወፍሮ በሌላው ሳስቶ ይወጣል። 20 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ባለው ሞልድ ላይ የ1 ዲግሪ ዝንባሌ ማለት 3.5 ሚሊ ሜትር ያህል የውፍረት ልዩነት ማለት ነው። እንዲህ ያለውን ሞልድ በኋላ ውሃ ልኩን በጠበቀ ጠረጴዛ ላይ ቢያስቀምጡትም አፉ እንደዘመመ ይቀራል። ስህተቱ የተሠራው አንድ ቀን ቢሆንም ከዚያ ሞልድ በሚወጣው ቅጂ ሁሉ ላይ ይታያል።

መስታወት

በጠፍጣፋነት ተራ የመስኮት መስታወትን በዋጋው የሚስተካከለው ነገር የለም። ይህ መስታወት የሚሠራው በቀለጠ የቲን ብረት ላይ ተንሳፍፎ እየተዘረጋ ነው። እ.ኤ.አ. በ1959 ይፋ የሆነው ይህ ዘዴ መስታወቱን ሳይሞረድና ሳይወለወል ሁለቱም ፊቱ ጠፍጣፋና ልሙጥ ሆኖ እንዲወጣ ያደርገዋል። መልክ ማያ መስታወትም ያው ነው፤ ጀርባው ተቀባ እንጂ።

ውፍረቱን አይቆጥቡ። 3 ሚሊ ሜትር መስታወት ከሥሩ ሙሉ ድጋፍ ከሌለው በክላምፕ (ማጥበቂያ መቆንጠጫ) ኃይልና በሲሊኮን ክብደት ይለመጣል። ለ30 በ40 ሳንቲ ሜትር ሰሌዳ 6 ሚሊ ሜትር ጥሩ ነው፤ ክብደቱም 1.8 ኪሎ ግራም ገደማ ስለሚሆን ለማንሳት አይከብድም። ከዚያ ለሚሰፋ 8 ወይም 10 ሚሊ ሜትር ይምረጡ። ሲያስቆርጡ አራቱም ጠርዞች እንዲሞረዱ ያድርጉ፤ ያልተሞረደ ጠርዝ እጅ ከመቁረጡም ሌላ ለስንጥቅ መነሻ ይሆናል። ቴምፐርድ የሚባለው በሙቀት የጠነከረ መስታወት ግን ለዚህ ሥራ ሁለተኛ ምርጫ ነው። ሲጋል በመንከባለያዎች ላይ ስለሚያልፍ ብዙውን ጊዜ ስስ ሞገድ ይዞ ይወጣል፤ ከተመረተ በኋላም ሊቆረጥ አይችልም።

መስታወት አንድ ትልቅ ጠንቅ አለው። ሲሊኮን የሲሊካ ዘመድ ነው፤ መስታወትም በአብዛኛው ሲሊካ ነው። ባዶ መስታወት ላይ የፈሰሰ ሲሊኮን አንዳንዴ በቀላሉ ይላቀቃል፤ አንዳንዴ ግን ሙጭጭ ብሎ ሞልዱ ሲነሳ አፉ ተቀድዶ ይቀራል። ዕድልን መሞከር አያስፈልግም። ጠንካራ ሰም በስሱ ቀብተው፣ አድርቀው፣ በጥጥ ጨርቅ እስኪያብለጨልጭ ይወልውሉት፤ ከዚያ አንድ ጊዜ ይድገሙት። ቫዝሊንም ያላቅቃል፤ ነገር ግን በደንብ ካልተወለወለ የጣትና የጨርቅ ጭረቱ ሁሉ ሞልዱ ላይ ይታተማል።

ከዚህ የሚሻል መላም አለ። መስታወቱ ላይ ጥቂት የውሃ ጠብታ አድርገው፣ ለፕሮጀክተር ጽሑፍ የሚያገለግለውን ዓይነት ብርሃን አስተላላፊ የፖሊስተር ፊልም ይዘርጉበት፤ በፕላስቲክ ካርድ ከመሃል ወደ ዳር እየገፉ ውሃውንና አየሩን ያስወጡ። የወጣውን ውሃ ሙልጭ አድርገው ይጥረጉ። ጠፍጣፋነቱን ከመስታወቱ፣ አለመጣበቁን ከፊልሙ ያገኛሉ። የፊልሙ ጠርዝ ከክፈፉ (ሲሊኮኑ እንዳይፈስ ሞዴሉን ከሚከበው ግድግዳ) ውጭ መዋሉን ያረጋግጡ፤ ውስጥ ከገባ መስመሩ ይቀዳል።

በሜላሚን የተለበጠ ሰሌዳ

ለዘወትር ሥራ ቀዳሚ ምርጫችን ይህ ነው። የ16 ወይም የ18 ሚሊ ሜትር ኤምዲኤፍ (ከተጨመቀ የእንጨት ቃጫ የተሠራ) ወይም ቺፕቦርድ (ከተጨመቀ የእንጨት ፍቅፋቂ የተሠራ) በሜላሚን፣ ማለትም በጠንካራ የፕላስቲክ ልባጥ፣ ተለብጦ የሚሸጠው የቤት ዕቃ ሰሌዳ ሲሊኮን አይጣበቅበትም፤ በሽጉጥ የሚቀልጥ ሙጫ ግን ክፈፉን አጥብቆ ይይዝበታል። ሲጨርሱ ሙጫው ሥር አንድ ሁለት ጠብታ አይሶፕሮፒል አልኮል ቢያንጠባጥቡ ሳይፋቅ ይለቃል። ብሎን ቢያስሩበትም አይሰነጠቅም፤ ይህን መስታወት ላይ ማሰብ አይቻልም።

ሲገዙ ሦስት ነገር ይዩ። አንደኛ፣ የእንጨት ጅማት የሚያስመስል ሸካራ ልባጥ እንዳይሆን በጥፍር ይዳስሱት። ሁለተኛ፣ ሁለቱም ፊት የተለበጠ ይሁን፤ ባንድ ፊት ብቻ የተለበጠ ሰሌዳ ባዶው በኩል እርጥበት እየሳበ ይጎብጣል። ሦስተኛ፣ የተቆረጠውን ጠርዝ በቫርኒሽ ወይም በቀለም ይድፈኑት። ውሃ የገባበት ጠርዝ ያብጣል፤ እብጠቱ አንዴ ከተፈጠረ አይመለስም።

አክሪሊክና ሌሎቹ

አክሪሊክ የሚባለው ጠንካራ ፕላስቲክ ሲሊኮን አይዝም፤ እንደ መስታወትም ከሥር ያሳያል። ይህ ጥቅሙ ቀላል አይደለም፤ ሲሊኮኑ በሞዴሉ ሥር እየሰረገ መሆኑን ሰሌዳውን ከታች ቀና ብሎ በማየት ወዲያው ማወቅ ይቻላል። ነገር ግን ይጫራል፣ አቧራ ይስባል፣ ባንድ ወገን እርጥበት ወይም ሙቀት ሲያገኘው ይለመጣል። አሴቶን ያቀልጠዋል፤ አልኮል በጊዜ ብዛት ስስ ስንጥቅጥቅ ያወጣበታል፤ ስታይሪን ያለው ፖሊስተር ሬዚንም ይበላዋል።

የተወለወለ ግራናይት ጠፍጣፋና የማይነቃነቅ ነው፤ ሲሊካ ስላለው ግን እንደ መስታወት በሰም መለበጥ አለበት። የወለል ሴራሚክ ብዙውን ጊዜ መሃሉ በስሱ ጎበጥ ያለ ስለሆነ ሳይለኩ አይመኑት፤ መስታወታማ ልባጡም ሲሊኮን ይይዛል።

ባዶ ጣውላና ኮምፔንሳቶ በቀዳዳዎቻቸው የያዙት አየር ሲሊኮኑ ውስጥ አረፋ ሆኖ ይወጣል፤ እርጥበታቸውም ፖሊዩሬቴን ሬዚንን ያስነፋዋል። የወጥ ቤት መክተፊያ ፕላስቲክ ሸካራ ነው፤ ሙጫም አይይዝለትም። የሲሊኮን ምንጣፍ ደግሞ ከሁሉም የከፋው ምርጫ ነው፤ አዲሱ ሲሊኮን ከአሮጌው ጋር ተዋህዶ አንድ አካል ይሆናል። በፕላቲነም የሚረጋ ሲሊኮን የሚጠቀሙ ከሆነ ድኝ ያለበት ላስቲክ ወይም የሞዴል ጭቃ፣ ወይም በቲን የሚረጋ ሲሊኮን የነካው ሰሌዳ ላይ አይሥሩ። የነካው በኩል ሳይረጋ እንደ ማር ተዝለግልጎ ይቀራል። ሁለቱንም ዓይነት የሚሠራ ሰው ለየራሳቸው ሰሌዳ ይለይላቸው፣ ጀርባቸውም ላይ ይጻፍባቸው።

አፈታተሽ

መጀመሪያ ማስመሪያውን ይፈትሹ። ወረቀት ላይ በብረት ማስመሪያው አንድ ረጅም መስመር ያስምሩ፤ ማስመሪያውን ገልብጠው በዚያው ጠርዝ እዚያው መስመር ላይ ይድገሙ። ሁለቱ መስመሮች መሃላቸው ላይ ከተከፈቱ ማስመሪያው ራሱ ጎባጣ ነው።

ከዚያ ማስመሪያውን በጠርዙ ሰሌዳው ላይ ያቁሙትና ከኋላው የእጅ ባትሪ ያብሩ። በቁመቱ ሁለት ቦታ፣ በወርዱ ሁለት ቦታ፣ በሁለቱ ሰያፎች ደግሞ አንድ አንድ ጊዜ ይለኩ። ሰያፎቹን መተው አይገባም፤ ሰሌዳ በቁመትም በወርድም ቀጥ ብሎ ሳለ ሊጠመዘዝ ይችላል፤ ይህንን የሚያሳየው ሰያፉ ነው። ብርሃን ሾልኮ በታየበት ቦታ ላይ ተራ የማተሚያ ወረቀት ለማስገባት ይሞክሩ። የአንድ ወረቀት ውፍረት 0.1 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። በ30 ሳንቲ ሜትር ርዝመት አንድ ወረቀት ቢገባ ለአብዛኛው ሥራ አያሳስብም፤ ሦስት ወረቀት ተደርቦ ከገባ ግን ሰሌዳውን ይለውጡት።

ልሙጥነቱን ለማየት ክፍሉን አጨልመው ባትሪውን ከሰሌዳው ጋር አስተኝተው ያብሩ። በቀን ብርሃን የማይታይ ጭረትና የደረቀ ሙጫ ጠብታ ረጅም ጥላ ይጥላል። ጥጥም ይሹበት፤ ቃጫው የተያዘበት ቦታ ችግር አለው።

አቀማመጥ

ቀጭን ሰሌዳ ከሆነ ከሥሩ 18 ሚሊ ሜትር ኤምዲኤፍ ያድርጉለት፤ በመካከላቸው የአሸዋ ቅንጣት እንኳ እንዳይኖር ይጥረጉ፤ እሷ ቅንጣት መስታወቱን ታነሳዋለች፣ ክላምፕ ሲጠብቅም ትሰነጥቀዋለች። ከታች ድጋፉን ሦስት ቦታ ብቻ ያድርጉ፦ ሁለት ባንዱ ጠርዝ ጥግና ጥግ፣ አንድ በተቃራኒው ጠርዝ መሃል። ሦስት እግር ያለው ነገር አይወዛወዝም፤ አራት ካደረጉ አንዱ ብዙውን ጊዜ አየር ላይ ነው።

ውሃ ልኩን ካነበቡ በኋላ 180 ዲግሪ አዙረው እዚያው ቦታ ላይ ይድገሙ። አረፋው ተመሳሳይ ቦታ ካልቆመ መሣሪያው ራሱ ተሳስቷል። መጀመሪያ ሁለቱን እግሮች ያመጣጥኑ፣ ቀጥሎ ሦስተኛውን ብቻ ከፍ ዝቅ ያድርጉ። አሮጌ የባንክ ካርድ ለማስተካከያ ይመቻል፤ ውፍረቱ 0.76 ሚሊ ሜትር ስለሆነ በ30 ሳንቲ ሜትር ላይ 0.15 ዲግሪ ያህል ያነሳል። ይህንን ክፈፉንና ሞዴሉን ከሰሌዳው ጋር ካያያዙ በኋላ፣ ሲሊኮኑን ከማፍሰስዎ በፊት አንድ ጊዜ ይድገሙት።

መጠኑን በሚመለከት፣ ክፈፉ ከሞዴሉ ዙሪያ ከ1 እስከ 1.5 ሳንቲ ሜትር ይራቅ፤ ሰሌዳው ደግሞ ከክፈፉ ውጭ በየአቅጣጫው ቢያንስ 5 ሳንቲ ሜትር ይትረፍ። ክላምፕ የሚይዘው እዚያ ነው፤ የሾለከ ሲሊኮንም የሚቀረው እዚያ ነው። በግፊት ማሰሮ (በአየር ግፊት አረፋን የሚያጠፋ ዕቃ) ውስጥ የሚሠራ ከሆነ ሰሌዳው በማሰሮው አፍ ማለፉን ሳይቆርጡ በፊት ይለኩ።

መስታወትና ድንጋይ ሙቀት ይስባሉ። ቀዝቃዛ ሰሌዳ ላይ በስሱ የፈሰሰ ሬዚን ከላይ ረግቶ ከሥር ለስልሶ ሊቀር ይችላል፤ ሰሌዳውን ከ20 እስከ 25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ክፍል አስቀድመው ያሳድሩት።

ጽዳት

የፈሰሰ ሲሊኮንን እርጥብ ሳለ አይጥረጉ፤ ስስ ቅባት ሆኖ ይዘረጋል እንጂ አይለቅም። እስኪረጋ ይጠብቁና ልጣጩን በአንድ ጊዜ ያንሱት። መስታወት ላይ የቀረውን በምላጭ፣ ምላጩን አስተኝተው፣ ይግፉት። ሜላሚንና አክሪሊክ ላይ ግን ምላጭ አያስነኩ፤ የፕላስቲክ ካርድ ይበቃል። የቀረውን ቅባት በአልኮል ጠርገው፣ አክሪሊክ ከሆነ በሳሙና ውሃ አጥበው፣ ሰሌዳውን በተኛበት ያስቀምጡት። ግድግዳ ላይ ተደግፎ የከረመ ሜላሚንና አክሪሊክ በራሱ ክብደት ስለሚጎብጥ ለሚቀጥለው ሥራ ሲነሳ እንደ አዲስ መለካት አለበት።