ቤንዚን የሚበላው የቱ ጋ ነው? ለደሴና ኮምቦልቻ ባጃጅ ሹፌሮች ችግርና መፍትሄ

መንግሥት በሐምሌ 2014 የነዳጅ ድጎማውን ደረጃ በደረጃ ማንሳት ከጀመረ ወዲህ የቤንዚን ዋጋ በየጊዜው ጨምሯል። ዋጋው በሹፌር እጅ አይደለም፣ ብክነቱ ግን ነው። የሚከተለው ካርቡራተር (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ክፍል) ላለው ባጃጅ ነው።

“ቶሎ ያልቅብኛል” ግን ስንት እንደሚበላ አይታወቅም

ታንኩን ጢም አድርጋችሁ ሙሉና ኪሎ ሜትሩን ጻፉ። ሁለት ሦስት ቀን ሠርታችሁ እንደገና ጢም አድርጉ። የተነዳውን ኪሎ ሜትር በሁለተኛው ጊዜ በገባው ሊትር አካፍሉ። “የ500 ብር ቀዳሁ” የሚለው ልኬት አይደለም፤ ዋጋ በተለወጠ ቁጥር ያሳስታል። ቆጣሪው ከቆመ አስቀድማችሁ ገመዱን አስቀይሩ።

ካንዴላው ጥቀርሻ ለብሷል፣ ማርሚታው ጥቁር ይተፋል

ካንዴላው (ብልጭታ ሰጪው) ጥቀርሻ ከለበሰ፣ ማርሚታውም (ጭስ ማውጫው) ጥቁር ከተፋ ቤንዚን በዝቷል ወይም አየር አንሷል። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ ደግሞ 1,850 አካባቢ። ወደ ላይ በወጡ ቁጥር አየሩ ይሳሳል፤ ካርቡራተር ይህን አያውቅምና ታች ኮምቦልቻ የተስተካከለ ባጃጅ ሐረጎን (በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለውን ዳገት) ወጥቶ ደሴ ሲሠራ ቤንዚን ያበዛል።

ጂግለር (የካርቡራተሩን ቤንዚን ማሳለፊያ ቀዳዳ) ከመቀየር በፊት ግን ርካሹን እዩ። የአየር ፊልትሮውን አውጥታችሁ ወደ ፀሐይ ያዙት፤ የወረቀት ከሆነና ብርሃን ካላሳለፈ ቀይሩት። ቀጥሎ የቾኩ (ሞተር ሲቀዘቅዝ ለማስነሳት ቤንዚን የሚያበዛው) ገመድ ሙሉ በሙሉ መመለሱን አረጋግጡ፤ ግማሽ ላይ የቀረ ቾክ ቀኑን ሙሉ ይጠጣል። ሁለቱም ደህና ከሆኑ፣ ሞተሩ ሲሞቅ የቅልቅሉን ብሎን ዙሩን እየቆጠራችሁ በቀስታ ዝጉ፤ ሲነካ አቁሙ፣ ካጠበቃችሁት ጫፉ ይበላሻል። ከዚያ በቆጠራችሁት ዙር መልሳችሁ ክፈቱትና በትንሽ በትንሹ እያዞራችሁ ሞተሩ ሳይንተፋተፍ ፈጥኖ የሚዞርበት ላይ ተዉት፤ በመጨረሻ ሚኒሞውን (ጋዝ ሳይሰጥ ሞተሩ የሚዞርበትን ፍጥነት) ዝቅ አድርጉ። ከጥቂት ቀን በኋላ ካንዴላው ፈዘዝ ያለ ቡናማ ከሆነ ተስተካክሏል። ነጭ ከሆነ ቤንዚኑ አንሷል፣ ሞተሩም ይግላል። “ቤንዚን ቀነስኩልህ” ብሎ ካንዴላውን ነጭ ያደረገ መካኒክ የቫልቭ ወጪ ነው ያተረፈላችሁ።

ከችርቻሮ ከተቀዳ በኋላ ይንኳኳል፣ ጠዋት አይነሳም

ውሃ ወይም ነጭ ጋዝ ተቀላቅሎበት ይሆናል። ሞተሩ ቀዝቅዞ፣ ከእሳት ርቃችሁ፣ የካርቡራተሩን ማፍሰሻ ብሎን ላላ አድርጋችሁ በንጹህ ሃይላንድ ተቀበሉ። ውሃ ካለ ከታች ተለይቶ ይቀመጣል። ነጭ ጋዝን ለመለየት አንድ ጠብታ ነጭ ወረቀት ላይ ጣሉ፤ ንጹህ ቤንዚን ቶሎ ይተናል፣ ነጭ ጋዝ ያለበት ግን የቅባት ምልክት ትቶ ይቆያል። ከተገኘ ታንኩን ማራገፍ ነው፤ በላዩ ላይ ጥሩ ቤንዚን መጨመር ጥሩውንም ማበላሸት ነው።

ዳገት ላይ ይጮሃል እንጂ አይሄድም

ፍሪሲዮኑ (ሞተሩን ከማርሽ የሚያገናኘው) እየተንሸራተተ ነው። ገመዱ ተወጥሮ ከሆነ ትንሽ ላላ አድርጉት፤ ካልተሻለው ሸራው አልቋል።

ሜዳ ላይ ጋዝ ሲለቁት ወዲያው ይቆማል

ማርሹን አውጥታችሁ፣ ጎማውን ከፍ አድርጋችሁ በእጅ አሽከርክሩ። ካልዞረ የፍሬን ሸራው ታምቡሩን (ከጎማው ጋር የሚዞረውን ክብ ብረት) ይዟል። ንፋሱ ያነሰ ጎማም እንዲሁ ይይዛል፤ ንፋሱ ጠዋት፣ ጎማው ሳይግል ይለካል።

ሐረጎ ላይ በፎሌ መውረድ

ማርሽ አውጥቶ መውረድ መፍትሄ ተደርጎ ይወራል፣ ግን አይደለም። የሚተርፈው ቤንዚን ጥቂት ነው፤ ሸክሙ ሁሉ ፍሬኑ ላይ ይወድቃል፣ የጋለ ታምቡር ደግሞ አይይዝም። ዳገቱን የወጣችሁበትን ማርሽ ይዛችሁ ውረዱ።

ማሽኑ ደህና ነው፣ ማታ ግን ኪሱ ባዶ ነው

ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ባዶ መመለስ ነው። ባጃጃችሁ በሊትር 25 ኪሎ ሜትር ቢሄድና ሊትሩን ለሂሳብ እንዲቀል 100 ብር ብንለው፣ ኪሎ ሜትሩ 4 ብር ነው። 10 ኪሎ ሜትር የሚርቅ ኮንትራት ሲመጣ ብዙዎች 40 ብር ነዳጅ ይቆጥራሉ። ተመላሽ ሰው ከሌለ ግን 20 ኪሎ ሜትር ነው፣ 80 ብር፤ ዘይት፣ ጎማና የባለቤቱ ገቢ ገና አልተነሱም። ዋጋ የምትነጋገሩት በደርሶ መልሱ ይሁን፤ ደንበኛው ከተከራከረ ጠብቃችሁ እንድትመልሱት ጠይቁት፣ ሂሳቡ ለሁለታችሁም ይቀላል። ሰው ፍለጋ ከተማ መዞርም ያው ባዶ ኪሎ ሜትር ነው፤ ተራ ይዞ ሞተር አጥፍቶ መቆም ይሻላል።