ሊሾ ወለል ላይ ዶሮ፦ ሽታውና የእግር እብጠቱ እንዴት ጠፋ (ድሬዳዋ)

ችግሩ፦ 6 ዶሮዎች፣ 3 ሜትር በ2 ሜትር ሊሾ፣ ዓይን የሚያቃጥል ሽታ። ሁለቱ ደግሞ መዳፋቸው ሥር አብጦ ያነክሳሉ።

ሽታውን ያባባሰው በየቀኑ በውሃ ማጠቡ ነበር። ሲሚንቶ ፈሳሽ አይመጥም፤ ኩሱ ረጥቦ በድሬ ሙቀት ሲቆይ አሞኒያ የሚባል ዓይን የሚያቃጥል ጋዝ ይወጣዋል። ኖራ መነስነስም ጋዙን ይበልጥ ያስወጣዋል እንጂ አያጠፋውም።

ወለሉ ተፍቆ ሙሉ ቀን በፀሐይ ደረቀ። ንጣፉ ወደ ውጭ እንዳይፈስ በሩ ሥር 20 ሳ.ሜ. ከፍታ ያለው ጣውላ ተገጠመ፤ ከዚያ 10 ሳ.ሜ. ውፍረት ያለው ደረቅ ሰጋቱራ ተነጠፈ። የለውዝ ቅርፊትም ይሆናል፣ ከባቢሌ ስለሚመጣ እዚህ አይጠፋም። የሻገተውን ግን ፈጽሞ አታስገቡ፤ የሻጋታው መርዝ ዶሮ ይገድላል። የጫት ገረባ እርጥብ ስለሆነ ይቅር። በየሁለት ቀኑ በአካፋ ይገላበጥ። በእጅ ሲጨበጥ ተጣብቆ ከቀረ ረጥቧል፤ ያን ቦታ አውጥታችሁ በደረቅ ተኩት።

አብዛኛው እርጥበት የሚመጣው ከመጠጫው ነው። ጡብ ደርድራችሁ በዶሮዋ ጀርባ ቁመት ልክ፣ ጥላ ውስጥ አስቀምጡት። በግንቦትና በሰኔ ለአንድ ዶሮ በቀን ግማሽ ሊትር ያዙ።

እግራቸውን የጎዳው ቆጡ ነው፤ ከ1 ሜትር ከፍታ ሲሚንቶ ላይ ይዘሉ ነበር። ወደ 40 ሳ.ሜ. ዝቅ አለ፤ እንጨቱ 5 ሳ.ሜ. ስፋት ያለው፣ ጠርዙ በመላጊያ የለሰለሰ። እብጠቱ ላይ ጥቁር ቅርፊት ካለ ግን ቁስሉ መርቅዟልና ለእንስሳት ሐኪም አሳዩ።

አፈር ስለሌላቸው ለምግብ መፍጫቸው ሻካራ አሸዋ በጣሳ፣ ለመንከባለያ ደግሞ አመድና ደቃቅ አሸዋ በሰፊ ሳፋ ይቀመጥላቸው።